የሰባ ሰባት ልጆች እና የረሃብ አሻራ

በባቲና በዙሪያዋ ለሕክምና የመጣን ጎልማሳ ዕድሜውን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ ቁጥር አይደለም። «የሰባ ሰባት ልጅ ነኝ» ይለኛል። በ1977 ዓ.ም ረሃብ ባቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች እህልና ሕክምና ፍለጋ የተጠለሉባት ከተማ ነበረች። ያኔ በእናታቸው ማህፀን የነበሩት ዛሬ አርባ ዓመት ደርሰዋል። የዛሬው ምክሬ ለእነርሱና ለማርገዝ ለሚያስቡ እህቶች ነው።

«ያለፈ ረሃብ ዛሬ ምን ያደርገናል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ የሚገኘው በሴሎቻችን ውስጥ ነው።

የሰውነታችን መመሪያ ዲኤንኤ ላይ ተጽፏል። መመሪያው በሁሉም ሴሎች ውስጥ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ሴል የሚያነበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የማያስፈልገውን ከሚዘጋባቸው መንገዶች አንዱ ሜቲሌሽን ይባላል። ሜቲል የተባለች ጥቃቅን ኬሚካል ዲኤንኤው ላይ ስትለጠፍ፣ ያ ክፍል ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል።

ዝም ማለት ያለባቸው ክፍሎች ጥቂት አይደሉም። ከዘረመላችን ግማሽ ያህሉ የመጣው ጥንት ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ከነበሩ ቁርጥራጮች ነው። እነዚህን ተዘዋዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በበቆሎ ፍሬ ዝንጉርጉር ቀለም ላይ ስትመራመር የደረሰችባቸው አሜሪካዊቷ ባርባራ ማክሊንቶክ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ኖቤል ተሸልማበታለች። አብዛኞቹ ዛሬ መንቀሳቀስ አይችሉም፤ የቀሩትን ሜቲሌሽን እንደ ልጓም ይይዛቸዋል። አንዱ አምልጦ ጠቃሚ ዘረመል መሀል ከተሰካ ግን በሽታ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1988 ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄሞፊሊያ በሁለት ሕፃናት ላይ የተከሰተው በዚህ ምክንያት መሆኑ ታውቋል። በብዙ የካንሰር ዓይነቶችም ይህ ልጓም ላልቶ ይገኛል።

ምግብ እዚህ ላይ የሚገባው፣ ሰውነት ሜቲልን የሚያዘጋጀው ፎሌትን፣ ቫይታሚን ቢ 12ንና ፕሮቲንን ከመሳሰሉት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የፀጉር ቀለም ዘረመላቸው አጠገብ ተዘዋዋሪ ቁርጥራጭ የተሰካባቸውን አይጦች ተመልክቷል። ቁርጥራጩ ካልታፈነ ግልገሉ ቢጫና ወፍራም ይሆናል፤ ከታፈነ ቡናማ ይሆናል። እናቶቹ በእርግዝና ወቅት ፎሌትና መሰሎቹ ሲጨመሩላቸው ቡናማ ግልገሎች በዙ። ዘረመሉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የእናት ምግብ ነው።

በሰውስ? እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ኔዘርላንድ በጦርነት ሳቢያ ተርባ ነበር። በዚያ ረሃብ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከስድሳ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ለዕድገት በሚያገለግል አንድ ዘረመል ላይ ያለው ሜቲል ከወንድም እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአገራችንም በራያ ቆቦ ወረዳ የተደረገ ጥናት፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን በማህፀን የነበሩ ሰዎች ቁመታቸው ያጠረ፣ ከቁመታቸው ጋር ሲነጻጸርም ወገባቸው የሰፋ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ጥናት የለካው ሰውነትን እንጂ ሜቲልን አይደለም፤ ሆኖም የሆድ ስብ ለስኳርና ለደም ግፊት በር ከፋች መሆኑን እናውቃለን።

ስለዚህ የሰባ ሰባት ልጅ ከሆኑ፣ ሕመም ባይሰማዎትም በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትዎንና በባዶ ሆድ የደም ስኳርዎን ይለኩ። ግፊቱ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ስኳሩም በተደጋጋሚ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልጋል። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ አይነካኝም» አይበሉ። ጨው ይቀንሱ፣ በእግር መሄድን ያዘውትሩ፣ ሲጋራን ይራቁ። አሻራው አደጋውን ከፍ ያደርግ ይሆናል እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም። እናቶቻችሁንም አትውቀሱ፤ በዚያ ዘመን እናንተን በሕይወት ማቆየታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለማርገዝ የምታስቡ እህቶች ደግሞ ቢቻል ከመፀነሳችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ወር አስቀድማችሁ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ጀምሩ። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በአራት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን የሚያውቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው ሳይዘጋ የቀረበት ልጅ ወልዳችሁ የምታውቁ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ መጠን ከፍ ስለሚል ሐኪም አማክሩ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ አድርጓል፤ በሰፈር ወፍጮ ቤት የምናስፈጨው ማሽላና ጤፍ ግን ይህን አያገኝም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ብዙ ያልበሰለ ጎመን ከማዕዳችሁ አይጥፉ።

በሚቀጥለው ሰኞ ለገበያ ባቲ የምትወጡ፣ ከመመለሳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። ግፊት መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።