«አስተውዪ» ማለት ምን አድርጊ ማለት ነው?

የዛሬው ጉዳይ በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ከካራቆሬ በደረሰኝ ደብዳቤ የተነሳ ነው። ጸሐፊዋ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟ ይቆይ። ነገሩን እንዳወጣው ፈቅዳልኛለች። ሳልደብቅ ልናገርና፣ በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ማደር ካቆመ ሁለት ወር አለፈው። ማታ ራቱን ይበላል፣ ልጆቹን ያጫውታል፣ ከዚያ ሰሌኑንና ጋቢውን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። ስጠይቀው ‹ቤቱ ይሞቃል› ይላል። በታኅሣሥና በጥር ምን ሙቀት አለ? እናቴን ባማክራት ‹አስተውዪ› አለችኝ። አማቴም ‹አስተውዪ›፣ ጎረቤቴም ‹አስተውዪ›። እሺ፣ ላስተውል! ግን ማስተዋል ምን ማድረግ ነው? የሚነግረኝ አጣሁ።»

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ሰውየው ሽንኩርትና ማሾ እያስጫነ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። መንገድ ላይ የሚውል፣ አልጋ የሸሸ ባል... መደምደሚያው ቀለለኝ። «እህቴ፣ ሌላ ሴት ሳትኖር አትቀርም፤ ሽማግሌ ጥሪ» ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ለካስ ያልጠየቀችኝን ነው የመለስኩላት! የጠየቀችኝ «ማስተዋል ምን ማድረግ ነው?» ብላ ነበር።

እስቲ ዛሬ ቃሉን ልብ ብለን እንየው። በግእዝ «ለበወ» ማለት አስተዋለ፣ ልብ አደረገ ማለት ነው፤ የወጣውም «ልብ» ከሚለው ነው። አስተዋዩ «ለባዊ» ይባላል፣ የሚያስተውልበት ደግሞ «ልቡና»። «ለቡ!» ማለት «አስተውል!» ማለት ነው። አማርኛችንም ከዚሁ አልራቀም፦ ልብ አለ፣ ልብ ገዛ፣ ልባም፣ ልበ ቢስ እንላለን። ከዐረብኛ የመጣው «ቀልብ»ም ቢሆን ትርጉሙ ልብ ነው። «ቀልብህን ሰብስብ» ስንል ልብህን ሰብስብ ማለታችን ነው። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ባለው የይፋት ቆላ አማርኛውም ኦሮምኛውም አፋርኛውም በአንድ ገበያ ይሰማል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ሲያስጠነቅቅ «ቀልቢ» ይላል። ያው ልብ ነው!

እንግሊዞች «ኢንሳይት» የሚሉት ቃል አላቸው። «ውስጥ» እና «እይታ» የሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። ከ800 ዓመት በፊት ጀምሮ በጽሑፋቸው ይገኛል፤ የጥንት ትርጉሙም በልቡና ዓይን ማየት ነው። እነሱ ዓይንን ወደ ውስጥ ላኩት፣ እኛ ደግሞ ማየትን ለልብ ሰጠነው።

ሳይንሱም በዚህ ቃል ብዙ ደክሟል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቮልፍጋንግ ኮህለር በ1913 እ.ኤ.አ. በቴኔሪፍ ደሴት ዝንጀሮ መሰል እንስሳትን፣ ቺምፓንዚዎችን፣ ማጥናት ጀመረ። «ሱልጣን» የሚባለው ቺምፓንዚ ከፍርግርጉ ውጭ ያለውን ሙዝ በዱላ ለመሳብ ቢታገል ዱላው አጠረበት። ሲሰለቸው ትቶ ተቀመጠ። በሁለት ዱላዎች ሲጫወት አንዱ ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ገባለት። ያን ጊዜ ብድግ ብሎ በረዘመው ዱላ ሙዙን ሳበው! ልብ በሉ፣ ነገሩ የተገለጠለት ሲታገል አይደለም፤ ትግሉን ትቶ ጋብ ሲል ነው።

እኔ ግን ጋብ አላልኩም ነበር። ደብዳቤዋ ላይ ስልኳን ጽፋልኝ ስለነበር ደወልኩላት። ሦስት ነገር ጠየቅኳት፦ መቼ ጀመረው? በዚያ ሰሞን ምን ነበር? ከመውጣቱ ሌላ ምን የተለወጠ ነገር አየሽ?

«ከገና በፊት ነው የጀመረው» አለች። «መሬቱ ደጋግሞ የሚንቀጠቀጥ ሰሞን። የልጆቹን መኝታ ከግድግዳው አንስቶ በሩ አጠገብ አደረገው። ‹በሩን እንዳትቀረቅሪው› ይለኛል። እኔማ እንደልቡ ሊወጣ ሊገባ ነው ብዬ...» አለችና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

አንባብያን እንደምታስታውሱት በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ከርማለች። በምድር ውስጥ የቀለጠ ዐለት በመንቀሳቀሱ የመጣ ነበር። በየካቲት የደረሰው ከፍተኛው ወደ 6 በሬክተር ስኬል የሚጠጋ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ነቅንቋል። ካራቆሬ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ትዝታ አላት። ከተማዋ ያለችው የሸዋ ደጋ ወርዶ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት መጨረሻ 1953 ዓ.ም. በስሟ የሚጠራው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ጎረቤቷን ማጀቴን አፈራረሰ፣ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ሺዎች ያለ መጠለያ ቀሩ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያን ያቋቋሙት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ጽፈውታል።

«እንግዲያው ‹ለምን ትወጣለህ?› ብለሽ አትጠይቂው» አልኳት። «ዛሬ ማታ ያንቺንም ሰሌን ይዘሽ ውጪ፤ አጠገቡ ተቀመጪ። ነገር አታንሺ።»

ሁለት ሌሊት ዝም ብሎ አደረ። በሦስተኛው ተናገረ። አያቱ በ1953 ታናሽ እህቷን ከወደቀ ግድግዳ ሥር አጥታለች። እሱም ያደገው ያንን ሲሰማ ነው። «እናንተን ቀስቅሼ እንዳላስወጣ ‹ወንድ ልጅ ቤት ፈራ› ልባል ነው። ውጭ ከሆንኩ ግን ሲጀምር ሮጬ ልጆቹን አወጣለሁ ብዬ ነው» አላት። ለካ ሰውየው ሁለት ወር ሙሉ የሸሸ መስሎ ሲጠብቃቸው ኖሯል! እኔ በችኮላ ያስጠራኋቸው ሽማግሌዎችም መጡ፤ ቡና ጠጥተው፣ ስንጥቅ ግድግዳውን ዞረው አይተው፣ ግንበኛ እንዲጠራ መክረው ተመለሱ።

እህቴ፣ ለጥያቄሽ ያኔ ልመልስልሽ የሚገባው ይህ ነበር። ማስተዋል ማለት አንደኛ፣ ያየሽውን ከጠረጠርሽው መለየት ነው። ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አድርገሽ ጻፊው። «ሰሌን ይዞ ይወጣል» ያየሽው ነው፤ «ሴት አለችው» የጠረጠርሽው (የጠረጠርነው!) ነው። ሁለተኛ፣ መቼ እንደጀመረ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ነገር የሚፈታው በጀመረበት ቀን ነው። ሦስተኛ፣ ከመጠየቅ በፊት አብሮ መቀመጥ ነው። አራተኛውና ከባዱ፣ ወደ ራስ መመልከት ነው፦ «ይህን ለማመን ለምን ቸኮልኩ?» ማለት። እኔ የቸኮልኩት ብዙ ደብዳቤ ስለማነብና ሁሉም አንድ ስለሚመስለኝ ነው።

ይህን ስል ጥርጣሬ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱን መስመር ጽፋችሁ ያያችሁት ራሱ ክህደት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሚማታ ባል ያላት ደግሞ «ላስተውል» ብላ አትቆይ፤ መጀመሪያ ራሷንና ልጆቿን ታሽሽ።

የካራቆሬዋ እህታችን ባለፈው ደውላልኝ ነበር። ግድግዳው ተጠግኗል። እሱ ግን አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይወጣል። «አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ጋቢ ደርቤ እከተለዋለሁ» አለችኝ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።