«የልጅ ጸብ ነው» እያልን የምናልፈው በደል

አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ሲያበዛ ወይም ደብተሩ ተቀዶ ሲመለስ ብዙ ወላጅ የሚጠረጥረው ስንፍናን ነው። ለትምህርት ቤቱ ሲነገርም መልሱ የተለመደ ነው፦ «የልጅ ጸብ ነው፤ ያልፋል።»

ጸብና ጉልበተኝነት ግን ይለያያሉ። በኖርዌይ የሠሩት የሥነ ልቦና ምሁር ዳን ኦልዌውስ ለጉልበተኝነት ሦስት መለያዎችን አስቀምጠዋል፦ ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙ እና ተበዳዩ ራሱን መከላከል የማይችልበት የአቅም ልዩነት መኖሩ። አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። የጓደኛ ብዛት፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ኑሮ፣ አነጋገር፣ የአካል ጉዳት፣ አለባበስም ሊሆን ይችላል። በሒጃቧ የምትጎነተል ተማሪና በመንተባተቡ የሚሳቅበት ልጅ የሚደርስባቸው በደል አንድ ዓይነት ነው።

ለዚህ ነው የለመድናቸው መፍትሔዎች የማይሠሩት። «መልሰህ ምታው» የሚባለው ልጅ አቅም ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያም አይነካም ነበር። ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ «ታረቁ» ማለት ለእኩዮች ጸብ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ተበዳዩን ለበቀል ያጋልጣል። አርጩሜም ቢሆን ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ያስተምራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ምን ያሳያል? እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ በኖርዌይ ሦስት ወንድ ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱም የእኩዮቻቸው በደል ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። በፊንላንድ ደግሞ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ኪቫ» የተሰኘ ፕሮግራም ትኩረቱን በተመልካች ተማሪዎች ላይ አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉልበተኛው የሚፈልገው የሌሎችን ሳቅና አድናቆት ነው። የሚስቅለት ሲያጣ፣ ተበዳዩን የሚጠጋ ጓደኛ ሲገኝ፣ ድርጊቱ ትርፉን ያጣል።

ይህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በእረፍት ሰዓት መጸዳጃ ቤት አካባቢ፣ የውኃ ቧንቧ ጋና በር ላይ ተረኛ መምህር ይቁም። አቤቱታ የሚቀበል አንድ የታወቀ መምህር ይመደብ። እሱም ልጆቹን ለየብቻ ያነጋግር፣ የሰማውን ይመዝግብ፣ ከሳምንት በኋላ ተበዳዩን ጠርቶ መቆሙን ያረጋግጥ። የበዳዩ ወላጅም ልጁ እንዲታረም እንጂ እንዲዋረድ አይጠራ።

ነገሩ የመደበኛ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በመድረሳዎቻችንም ደካማ ልጅ ቅጽል ስም ይወጣለታል፤ ቁርኣን ሲቀራ ሲሳሳት ይሳቅበታል። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 መሳለቅንም በመጥፎ ስም መጠራራትንም በግልጽ ይከለክላል። ልጆች ሱራውን በቃላቸው ከያዙ፣ ኡስታዙ ትርጉሙን በዚያው ክፍል ውስጥ ባዩት ነገር ቢያስረዳቸው አይረሱትም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያ ጭማሪ ከመከራከራችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ «ልጄ ቢበደል ለማን ነው የሚናገረው?» ርዕሰ መምህሩ የአንድ ሰው ስም መጥራት ካልቻሉ፣ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።