መቂ ላይ ቲማቲም ርካሽ ነው

በቀደም አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ኮንስትራክሽን ሠራተኞች ክፍያ ሲወራ ተቀምጬ ነበር። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ የመንገድ ማሽን ኦፕሬተሮች ደመወዝ ከኑሮው ጋር አልገጥም ማለቱን ተናገረ። መልስ የሰጡት የአንድ ተቋራጭ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። ማይክራፎኑን ጠጋ አደረጉና፣ “ኦፕሬተሩ የሚሠራው ክፍለ ሀገር ነው፤ እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው። እኛ የምንከፍለው የአካባቢውን የኑሮ ሁኔታ አጥንተን ነው” አሉ። አዳራሹ አዎንታውን በራስ ንቅናቄ ገለጸ። እኔ ግን የያዝኩት ማኪያቶ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ሰውየውን ከእንግዲህ አቶ ርካሽ እላቸዋለሁ። ስማቸውን ብጠራ ወቀሳው የእሳቸው ብቻ ይመስላል። አነጋገሩ ግን የብዙ ተቋራጭ ቢሮ የጋራ ጸሎት ነው።

እስቲ “አካባቢ” የምትለዋን ቃል እንያዛት። ባለ ሱቅ አካባቢ አለው፣ መምህር አካባቢ አለው፣ አቶ ርካሽም ቦሌ ላይ ደህና አካባቢ አላቸው። አስፋልት የሚያነጥፍ ሰው ግን ምን አካባቢ አለው? ሥራው እኮ ከአካባቢ መውጣት ነው! ሞጆ ዳር የጀመረ ከወራት በኋላ መቂ ነው፤ ከዚያ ባቱ፣ ከዚያ አርሲ ነገሌ ይላል፤ ይህን ጨረሰ ሲባል ደግሞ ወደ ሎጊያ ውረድ ይባላል። አጥኚው ቡድን የገበያ ዋጋ መዝግቦ፣ ሪፖርት አስጠርዞ፣ ማኅተም አስመትቶ እስኪመጣ ሰውየው ወረዳ ቀይሯል። ታዲያ የተጠናው የማን ኑሮ ነው?

እውነቱን ለመናገር መቂ ላይ ቲማቲም ርካሽ ነው። ሽንኩርቱም ፓፓያውም እዚያው ስለሚመረት ከአዲስ አበባ ይሻላል። አቶ ርካሽ ይህን ካሉ አልከራከራቸውም። የአዲስ አበባ አከራይ ግን ኪራይዋን በቲማቲም አትቀበልም።

የሰፈሬ ልጅ የሆነ የፔቨር፣ ማለትም የአስፋልት ማንጠፊያ ማሽን ኦፕሬተር አውቃለሁ። ማሽኑ ላይ 11 ዓመት ተቀምጧል። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አያት አካባቢ ባለ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሱ በየሳይቱ ከሁለት ሰው ጋር በቆርቆሮ ክፍል ያድራል። “ጋሼ፣ እኔ የምበላው አንድ ቦታ፣ የምከፍለው ሁለት ቦታ ነው” ብሎኛል። ከጥናቱ ሁሉ ይህች አረፍተ ነገር ትበልጥብኛለች። ልጆቹን ይዞ እንዳይሄድ ትምህርት ቤቱን በየስድስት ወሩ ማን ይቀይርላቸዋል? ትቶ ሲሄድ ደግሞ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ከሰሉ ለሁለት ቤት ነው።

አንድ ቀን ሲሠራ አይቼዋለሁ። ገልባጩ ወደ ኋላ እየመጣ የፔቨሩን ሆድ ይሞላል። ድብልቁ 140፣ 150 ዲግሪ ይተኩሳል፤ የረገጡበት ጫማ ሶሉ ይለሰልሳል። በላይ የመጋቢት ፀሐይ፣ በታች የሬንጅ እሳት አለ። ልጁ አንድ ዓይኑን መስመሩ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ገልባጩ ላይ ተክሎ ማሽኑን በአንድ ልክ ይነዳል። ገልባጭ ዘግይቶ ፔቨሩ ከቆመ የቆመበት ቦታ ጉብታ ይቀራል። ከፈጠነ ከኋላ የሚደለድለው ስክሪድ ውፍረቱን ያዛባል። ሮለሩም ድብልቁ ሳይቀዘቅዝ ደርሶ መጨፍለቅ አለበት። እኛ መኪናችን ውስጥ ሆነን “ይሄ መንገድ እንዴት ለስላሳ ነው” የምንለው የዚህን ልጅ ትንፋሽ ነው። ያን ዕለት ምሳውን የበላው ጎማ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ከፌስታል ውስጥ በወጣ እንጀራ ነው። እጁን የታጠበው በናፍጣ ነበር፤ ሬንጅ በውኃ አይለቅምና።

ደግሞስ ክፍለ ሀገሩ ርካሽ ሆኖ ይቆያል እንዴ? በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ “ፕሮጀክት ገባ” ሲባል ምን እንደሚሆን የማያውቅ ማን ነው? በሳምንቱ የጭቃ ቤቱ ኪራይ ይዘላል። የእንቁላል ዋጋ ይወጣል፤ ዶሮዋ ሳትቀር መሐንዲስ መምጣቱን የሰማች ይመስላል። ሎጊያና ሰመራ ደግሞ አትክልቱ ከደጋ ተጭኖ የሚወርድባቸው ናቸው፤ እዚያ “ክፍለ ሀገር ነውና ርካሽ ነው” ማለት ካርታ አለማንበብ ነው። ዋጋው የሚወደደው ኦፕሬተሩ ስለመጣ ነው፣ ደመወዙ የሚያንሰው ኦፕሬተሩ ወደዚያ ስለሄደ ነው። ይህን ሒሳብ የሠራ ሰው ሽልማት ይገባዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ። አቶ ርካሽ ለአንዲት ሌሊት ሳይት ሲወርዱ አበል አይወስዱም? ይወስዳሉ እንጂ! ከቤት የወጣ ሰው ወጪ እንዳለበት ኩባንያቸው ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ ለአንዲት ሌሊት የታወቀው ነገር ለዓመት ሲሆን የሚረሳው ለምንድን ነው?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሬንጁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የተቋራጮች እሪታ ያን ጊዜ ሰማይ ነካ፤ ሬንጁ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ ናፍጣው ጨመረ፣ የዋጋ ማስተካከያ ይሰጠን አሉ። ልክ ነበሩ፤ በከሰረ ተቋራጭ መንገድ አይሠራም። ግን ልብ በሉ፤ አንድም ተቋራጭ “ሬንጁ የሚፈሰው መቂ ስለሆነ የመቂ ዋጋ ይያዝልኝ” ሲል አልሰማሁም። ሬንጅ የትም ቢፈስስ ዋጋው የዓለም ነው። ናፍጣ የትም ቢቃጠል ዋጋው ዋጋ ነው። የሰውየው እጅ ላይ ሲደረስ ብቻ ዋጋ የሚወሰነው በቆመበት መሬት ነው! በትልልቅ የመንገድ ውሎች የዋጋ ማስተካከያ ቀመር ውስጥ የጉልበት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ድርሻ እንዳለው አቶ ርካሽ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በጉልበቱ ስም የተጠየቀው ጭማሪ ጉልበቱ ያለው ሰው ኪስ ስንቱን ጊዜ ይደርሳል? የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ማይክራፎኑን ጠጋ አድርገው ይመልሱልን።

“ኦፕሬተር እኮ ከዶክተር በላይ ያገኛል” የሚል ደግሞ አይጠፋም። ሐኪሞቻችን በግንቦት 2017 የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም በደረሱባት አገር ይህ ምን ዓይነት መለኪያ ነው? የተራበን ሰው ከተራበ ሰው ጋር አስተካክሎ “ጠግቧል” ማለት ነው። ደግሞም የሚያወሩት ስለ ጥቅሉ ነው። እንበልና በ25,000 ብር ተቀጠረ። በ2017 በተሻሻለው የግብር ሰንጠረዥ 6,700 ብር ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 1,750 ብር ይሄዳል፤ የሚቀረው 16,550 ነው። ይህ ለሁለት ቤት ይካፈል።

“ትርፍ ሰዓት አለው” ይሉኛል። አለው፤ በሕጉ ግን ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛው ከዚያ በላይ ካልሠራ ቤቱ የማይቆም ከሆነ መደበኛው ደመወዝ ደመወዝ አይደለም፣ ቀብድ ነው። እሱም ቢሆን ዝናብ እስኪገባ ነው። ክረምት ሲመጣ እርጥብ መሬት ላይ አስፋልት አይነጠፍም፤ ፔቨሩ ሸራ ተጥሎበት ይቆማል፣ ትርፍ ሰዓቱም አብሮ ሸራ ይለብሳል።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ደመወዙ በማሽኑና በሙያው ይተመን፣ ማሽኑ በቆመበት ቀበሌ አይሁን። ቤተሰቡ በተቀመጠበት ከተማ ኪራይ ይታሰብ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚያይ የደመወዝ ቦርድ ብሎ ጽፏል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ይቅር ካልተባለ እሱም ወደ መሬት ይውረድ። ዝርዝሩን የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የያዝኩት “ርካሽ ነው” የሚለውን አፍ ነው።

አቶ ርካሽ፣ ለሚቀጥለው ጥናትዎ እባክዎ መቂ ገበያ ድረስ አይድከሙ። ሠራተኛዎ ልጆቹን የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ይጠይቁ። የምዝገባው ገንዘብ የሚከፈለው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ አስፋልት አይነጠፍም።