ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ የደም ዓይነት ለምን ይጠየቃል?

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ይላቸው የነበሩ ሕሙማን በአገራቸው የመታከም ዕድል አግኝተዋል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ታካሚ ግን መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለሆነም ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ቢታመም፣ መጀመሪያ የሚያየው ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ላይሆን ይችላል።

ለጋሹ ወንድም ወይም እናት ሆኖ የደም ዓይነቱ ኦ፣ የተቀባዩ ደግሞ ኤ ሲሆን ቤተሰቡ «ኦ ለሁሉም ይሰጣል» በሚለው አባባል ይጽናናል። አባባሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከኩላሊቱ ጋር የለጋሹ ነጭ የደም ሴሎችም አብረው ይሻገራሉ። እነዚህ ሴሎች የተቀባዩን ቀይ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርቱ ይችላሉ። እንግዳው ባለቤቱን ባዕድ አደረገው ማለት ነው። ኩላሊቱ በደንብ እየሠራ እያለ ታካሚው በደም ማነስ ሊጠቃ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁኔታው ልብና ሳንባ አብረው ሲተከሉ በብዛት ይታያል፤ በኩላሊት ላይ ግን፣ የደም ዓይነት በዚህ መልኩ ሲለያይ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች ያሳዩት ከ100 ታካሚዎች 9 ያህሉን ነው። የሚከሰተው በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የለጋሹ ሴሎች ዘላቂ ስላልሆኑ ብዙውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ያልፋል። የመኝታና የምግብ ወጪው ከባድ መሆኑ ቢታወቅም፣ በእነዚህ ሳምንታት ያለ ሐኪም ፈቃድ ከአዲስ አበባ መውጣት አይመከርም።

ድንገተኛ ድካም፣ የፊት መገርጣት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ከታየ «መድኃኒቱ ነው» ብሎ መጠበቅ አይገባም። ታካሚው በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወደሚገኝ ሆስፒታል ፈጥኖ ሲሄድ፣ ንቅለ ተከላ ማድረጉንና የለጋሹን የደም ዓይነት መናገር አለበት። ኩምብስ የተባለው የደም ምርመራ ችግሩን ለመለየት ይረዳል። ደም መስጠት ካስፈለገም፣ ካርዱ ላይ በተጻፈው መሠረት ኤ ደም መስጠት ለሚያፈርሰው አካል ተጨማሪ ሴሎችን ማቅረብ ይሆናል፤ የሚመረጠው ከለጋሹ ጋር የሚስማማው የኦ ቀይ ሴል ነው። የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን መጠን መለወጥ ግን የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ታካሚዎች ከሆስፒታል ሲወጡ የሁለቱም የደም ዓይነት፣ አር ኤች ጭምር፣ በመውጫ ወረቀታቸው ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። አንዱን ቅጂ አስታማሚው ቢይዘው ይመረጣል።