ፈንጣጣ የጠፋበት ቀን መቼ ነው?

የፈንጣጣ ክትባት የተጀመረበት ቀን የታወቀ ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የአትክልተኛውን የስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ጫር አድርጎ ከላም ፈንጣጣ የተወሰደ ፈሳሽ ያስገባበት፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1796 ነው። የሕክምና ታሪክ የጻፈ ሁሉ ይህን ቀን አይዘለውም፤ መቶኛውም ሁለት መቶኛውም ዓመት ተከብሯል። ፈንጣጣ ከምድር የጠፋው መቼ ነው ሲባል ግን መልሱ ይበታተናል።

አንዱ መልስ ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም ጤና ጉባኤ ጄኔቫ ላይ በሽታው መጥፋቱን ያወጀበት። መጥፋቱን ያጣሩት ባለሙያዎች የምስክር ወረቀቱን የፈረሙት ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብለው ነው። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው ሽፍታ የወጣበት ደግሞ ጥቅምት 16 ቀን 1970፣ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ ነው። ዓለም ያከብራል ከተባለ የሚያከብረው የጉባኤውን ቀን ነው። አዳራሽ፣ ንግግርና ፎቶግራፍ ያለው እሱ ነዋ!

ኢትዮጵያውያን ሌላ ቀን መጨመር ይችላሉ፤ ነሐሴ 3 ቀን 1968። በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ዲሞ በምትባል መንደር፣ በአገሪቱ የታወቀችው የመጨረሻዋ ታማሚ የታመመችበት ቀን ነው። ሃምሳኛ ዓመቱ ነሐሴ 3 ቀን 2018 ላይ ይውላል። ለዚህ ቀን ድንኳን ቢጣል አይበዛበትም።

ዓለም አቀፉ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲጠናከር ኢትዮጵያ ከኋላ ነበረች፤ ሥራው እዚህ የተጀመረው 1963 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ነው። ለመዘግየቱ ምክንያት ነበረው። በአገሪቱ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ሲሆን፣ ከመቶ በሽተኞች የሚገድለው አንድ ወይም ሁለት ነው። እስያ ውስጥ የነበረው ብርቱው ዓይነት ከመቶ ሠላሳ ያህል ይጨርስ ነበር። ወባ በየዓመቱ መንደር በሚያራቁትበት አገር መንግሥት ገንዘቡንም ሰውንም ወደ ወባ ቢያዞር አይፈረድበትም። ሆኖም መዝጋቢዎቹ ወጥተው ሲቆጥሩ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተገኘ።

ሥራውን ያንቀሳቀሱት ኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖችና ክትባት ሰጪዎች፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ጥቂት የውጭ ሐኪሞችም ነበሩ። የመስኩን ሥራ ከመሩት አንዱ ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስ ሲሆን፣ ኋላ የአሜሪካን አህጉር ከፖሊዮ የማጽዳቱንም ዘመቻ የመራ ሰው ነው። ከመንገድ የራቀው ሕዝብ ጋ የሚደረሰው በእግርና በበቅሎ ነበር። ሄሊኮፕተር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ መጥቶም ሰላም አላገኘም። አንዱ በእጅ ቦምብ ተመታ፣ አብራሪም ታግቶ ያውቃል።

የዘመቻው ብልሃት ሁሉን ሰው መከተብ አልነበረም። ታማሚውን ፈልጎ ማግኘት፣ መለየት፣ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ መከተብ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ወሬ መሮጥ ነው። መሣሪያው ጫፉ እንደ ሹካ ሁለት የሆነ መርፌ ነበር፤ በጫፎቹ መካከል ጠብታ ክትባት ይይዛል፣ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ቀድሞ ለአንድ ሰው የሚበቃው ክትባት በዚህ መርፌ ለአራት ይዳረሳል። ክትባቱ ደርቆ የተዘጋጀ በመሆኑ ሙቀት ይችላል፤ ያ ባይሆን ኦጋዴን ላይ ምን ይዘው ይሄዱ ነበር? አንዳንድ ቦታ ገበሬው ራሱ ከታማሚ ቁስል ወስዶ ጤነኛውን የመከተብ የቆየ ልማድ ነበረው። ሰዎቹ የመከተብን ሐሳብ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ችግሩ ዘዴያቸው እውነተኛውን ፈንጣጣ ማሠራጨቱ ነው።

ከዲሞ በኋላ በሽታው ከኦጋዴን ዘላኖች ጋር ወደ ሞቃዲሾ ተሻገረ። መርካ ላይ የ23 ዓመቱ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን፣ ሁለት የታመሙ ሕፃናት የጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ተሳፈረ። የተጓዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን አልተከተበም ነበር፣ መርፌው ያማል ብሎ ሸሽቶ። ታመመ፣ ዳነም። በኋላ የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኛ ሆኖ የራሱን ታሪክ እየነገረ ወላጆችን ሲያግባባ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወባ ሞተ።

ማሊን በታመመበት ቀን የመጨረሻው መሆኑን ያወቀ ማንም የለም። ለማወቅ ሁለት ዓመት፣ ያውም የኦጋዴን ጦርነት ባለፈበት ምድር፣ የታማሚ ሥዕል ይዞ ከድንኳን ድንኳን መጠየቅ አስፈልጓል። መሃል ላይ ደግሞ በርሚንግሃም ከሚገኝ ቤተ ሙከራ ቫይረሱ አምልጦ አንዲት የሕክምና ፎቶግራፍ አንሺ ገደለ፤ የሞተችበት ቀን መስከረም 1 ቀን 1971 ነበር። ለዚህ ነው ስለ ማሊን ሲጻፍ «በተፈጥሮ መንገድ» የሚለው ቃል የማይቀረው።

ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ በቅሎ ሲጎትቱ የነበሩት ክትባት ሰጪዎች ዛሬ ሰባን ተሻግረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመው የዘመቻው ታሪክ ከ1,400 ገጽ ይበልጣል፤ ለኢትዮጵያም ሰፊ ምዕራፍ ሰጥቷል። የበቅሎ ጎታቾቹን ትዝታ፣ የመስክ ማስታወሻቸውንና ፎቶግራፋቸውን መሰብሰብ ግን የጄኔቫ ሥራ አይደለም። የጤና ሚኒስቴርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለሃምሳኛው ዓመት የሚሆን ሥራ ቢፈልጉ፣ መቅረጸ ድምፅ ይዞ እነዚህን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማነጋገር አለ።