ሹም ሲለዋወጥ ገበሬውን ማን ጠየቀው?

ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ባለው ጊዜ በአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ወንበር ላይ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ገዱ አንዳርጋቸው ለአምባቸው መኮንን አስረከቡ። አምባቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላቸው ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። ተመስገን ጥሩነህ መጡ፣ አገኘሁ ተሻገር ተከተሉ፣ ይልቃል ከፋለ ተረከቡ፣ በመጨረሻም አረጋ ከበደ ተሾሙ። እኔ የጉንደ ወይን ሰው ነኝ። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ገበሬ ከእነዚህ ሹመቶች በአንዱም ላይ «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ አያውቅም። ይህን «የተለመደ ነው» ብዬ ላልፈው አልችልም፤ የለመደውም ሰው አፍሮ ሊነቃ ይገባዋል።

ሹም የሚነሣው ወይ አጥፍቶ ነው፣ ወይ ደክሞ ነው፣ ወይ ከእሱ የተሻለ ተገኝቶ ነው። የእኛዎቹ በየትኛው ተነሡ? ገዱ ከባሕር ዳር ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ተመስገን የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት ዋና ዳይሬክተር፣ በ2016 ደግሞ በደመቀ መኮንን ቦታ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አገኘሁ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። አጥፍተው ከነበረ ለምን ከፍ አሉ? አልምተው ከነበረስ ለምን ከእኛ ተወሰዱ? ለዚህ ጥያቄ የሚመልስልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው ከክልሉ ውጭ ነው። ተመስገን የተነሡት የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ተጀምሮ ሳምንት ሳይሞላው፣ የክልሉ ልጆች ወደ ግንባር ሲተሙ ነው። ይልቃል የተነሡት ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሦስት ሳምንት ሲሆነው ነው። ሕዝብ መሪውን አጥብቆ በሚፈልግበት ሰዓት መሪው ይነሣል፤ ገበሬውም ወሬውን ከሬዲዮ ይሰማል።

ይህ አመል ባሕር ዳር ላይ አልተወለደም። የካቲት 8 ቀን 2010 ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ ሲያስታውቁ አገር ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቀጥሎ የመጣው ግን የሕዝብ ምርጫ አልነበረም፤ የድርጅት ስሌት ነበር። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል እንዲመረጥ ያዛል። የኦሕዴድ ሊቀመንበር የነበሩት ለማ መገርሳ የዚያ ምክር ቤት አባል ስላልነበሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወንበሩን ለዐቢይ አሕመድ ለቀቁ። የብአዴኑ ሊቀመንበር ደመቀ መኮንን ደግሞ ራሳቸውን ከውድድሩ አገለሉ፤ የብአዴንም ድምፅ ወደ ዐቢይ ዞረ። አራቱ ድርጅቶች እኩል አርባ አምስት አርባ አምስት ሰው የሚያዋጡበት የኢሕአዴግ ምክር ቤት መጋቢት 18 ቀን 2010 ድምፅ ሲሰጥ ከ169 ድምፅ 108ቱ ለዐቢይ ወደቀ። መቶ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመራውን ሰው የመረጡት ከአንድ የገጠር ሠርግ ታዳሚ የማይበልጡ ሰዎች ናቸው።

ሕዝቡ ያኔ ደስ አለው፤ ደስታውም የእውነት ነበር። ያን በር ያስከፈተው ከ2008 ጀምሮ በኦሮሚያ፣ በጎንደር፣ በባሕር ዳር የወደቀው ወጣት ደም ነውና። ስለዚህም ነው ነገሩ አንጀቴን የሚበላው። ደሙን የከፈለው አንዱ፣ ውጤቱን ዘግቶ የተከፋፈለው ሌላው!

ከዚያ ስም መቀየር መጣ። በመስከረም 2011 ብአዴን አዴፓ ሆነ፤ በኅዳር 2012 አዴፓም ቀርቶ ብልጽግና ተባለ። ለዓመታት የብአዴን አባል ሆኖ መዋጮ ሲከፍል የኖረ ገበሬ ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ድርጅቱ ተለወጠበት። በዚያ ሰሞን አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ከድሮው ስወጣ ማን ፈረመልኝ? ወደ አዲሱስ ስገባ ማን ጠየቀኝ?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም፤ አጀንዳው ቀጠለ። የፓርቲ አባል ነው የተባለን ሰው እንዲህ አድርገው ካለፉት፣ አባል ያልሆነውን እንዴት ሊያደርጉት ነው?

ሕወሓት «አልዋሐድም» ብሎ የቀረውም ያኔ ነው። ሠላሳ ዓመት የቆየ ግንባር በአንድ ኅዳር ፈረሰ፤ ዓመት ሳይሞላው አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ገባች። የጎጃም ገበሬ ስለ ውሕደቱ አልተጠየቀም፤ የትግራይም ገበሬ ስለ መለየቱ አልተጠየቀም። ልጆቻቸው ግን ተጠርተው ተፋጁ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሕወሓት ራሱ የደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤልና የጌታቸው ረዳ ወገን ተባብሎ ተሰነጠቀ፤ የመቀሌ ተፈናቃይ መጠለያ ውስጥ ክረምት እየቆጠረ እነሱ በማኅተም ተካሰሱ። ይህን የምጽፈው የአንዱን ድርጅት ገበና ለሌላው ለማቀበል አይደለም። በሽታው የሁላቸውም ነው።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ አንድ መልስ ይሰጠኛል፤ «የፓርላማ ሥርዓት እንደዚህ ነው፤ እንግሊዝም እንደዚህ ታደርጋለች።» እሺ፣ እንግሊዝን እንያት። ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ጠየቀች፤ 52 በመቶው «እንውጣ» አለ፣ 48 በመቶው «እንቆይ» አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሮን «እንቆይ» ብለው ተከራክረው ስለተሸነፉ በማግስቱ እንደሚለቁ ተናገሩ። ቴሬዛ ሜይ የመውጫውን ውል በፓርላማ ማሳለፍ አቅቷቸው ወረዱ። ቦሪስ ጆንሰንን የገዛ ሚኒስትሮቻቸው ተግተልትለው በመልቀቅ አወረዷቸው። በ2022 ሊዝ ትረስን የመረጡት 81 ሺህ ያህል የወግ አጥባቂው ፓርቲ አባላት ነበሩ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም «አገርን የሚያህል ነገር በዚህ ቁጥር ይወሰናል?» ብለው ጮኹ። 81 ሺህ አንሷቸው! እኛ ጋ 108 ነበር። ትረስ በበጀታቸው ገበያውን ካመሱ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይቆዩ ለቀቁ፤ ሐምሌ 4 ቀን 2024 በእነሱ አቆጣጠር ምርጫ ሲደርስ ፓርቲው 121 ወንበር ብቻ ይዞ ተንኮታኮተ፤ ትረስ ራሳቸው የተመረጡበትን ወረዳ ተነጠቁ።

የእንግሊዝም ሽኩቻ ነው፤ ጓዳ ለጓዳ መጎነታተል ነው፤ ላመሰግነው አልመጣሁም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ለምን እንደወረደ የትም ያለ ገበሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል። በመጨረሻም የተቀለደበት ሰው ካርዱን ይዞ ሄዶ የቀለደበትን ያባርራል። እኛ ጋ በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ፤ ያ ምክር ቤት ነው በ2010 አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር ያጸደቀው። እንግሊዝን ምሳሌ የምታደርጉ ሰዎች ግማሹን ብቻ እየቆረጣችሁ አታምጡብን።

ደግሞስ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? የእኛ አባቶች ሹም አስነሥተዋል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ «መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። ጠቅላይ ግዛቱን የሚገዙት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ገበሬው አልተንበረከከም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማች ፀሐዩን አንሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንንን ሾሙ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ምርጫ በሌለበት፣ ፓርቲ በሌለበት፣ ንጉሥ «ሥዩመ እግዚአብሔር» በሚባልበት ዘመን የዚህ አገር ገበሬ አንድ ሹም አስነሥቶ ከትከሻው ላይ ሸክም አስወረደ። የዛሬው ልጁ የምርጫ ካርድ በኪሱ ይዞ ስድስት ሹም ሲፈራረቅበት አየ፤ ከአምስቱ ለውጥ አንዱም ለእሱ ጉዳይ ተብሎ አልተደረገም። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ሲጮህ በዚያ ምክንያት የተነሣ አለ? ተጠያቂ ሆኖ በአደባባይ ቆሞ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ያለ አለ?

ከአባቶች ዘመን ጥይትና ቦምብ ይመለስ የምል እንዳይመስላችሁ። በቂ ሬሳ ቀብረናል፤ ዛሬም እየቀበርን ነው። የምለው ሹመት በአደባባይ ይሁን ነው። ርዕሰ መስተዳድር የሚያነሣ ፓርቲ ለምን እንዳነሣ በጽሑፍ ይንገረን። የሚሾመው ሰው ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት በየዞኑ ወርዶ በሕዝብ ፊት ይጠየቅ፤ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ታሰሩ ልጆች ይመልስ። ከአንድ በላይ ዕጩ ይቅረብ። የምክር ቤት አባል እጁን ለማን እንዳወጣና ለምን እንዳወጣ በስሙ ይመዝገብ፣ ወደ መረጠው ወረዳም ተመልሶ ያስረዳ። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም። የሚከለክለው ፍርሃት ነው፤ የፈሩትም እኛን አይደለም፣ የበላያቸውን ነው።

አንዳንዱ የምክር ቤት አባል «ዛሬ እንዴት ወደ ጎጃም ወረዳ ልውረድ፣ መንገዱ አያስኬድም» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ዛሬ አያስኬድም። ገዱ ሲነሡ ግን ያስኬድ ነበር። አምባቸው ሲሾሙም፣ ተመስገን ሲሾሙም፣ አገኘሁ ሲሾሙም፣ ይልቃል ሲሾሙም ከባሕር ዳር ሞጣ፣ ከሞጣ ጉንደ ወይን መኪና ይመላለስ ነበር። ያኔ ማን መጣ?