ዊዛርድስ ቢሸነፍም ልጆቹን መውሰድ አይቅር
(ከማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ አስተያየት)



እንደሚታወቀው ሁሉ ማኅበራችን በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሠፈራችንን ልጆች ሰብስቦ ዋሽንግተን ድረስ በመውሰድ የዊዛርድስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ያሳያል። ትኬቱ የሚገዛው ከወር መዋጮአችን ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ይህ ወጪ ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አነጋገረ፤ ሰዓቱ በማለቁም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እኔ በዚያን ዕለት የሌላውን ንግግር በቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለዋልኩ አፌን ለመክፈት ጊዜ አላገኘሁም። ጸሐፊም እንደማንኛውም አባል ሐሳብ አለውና የኔን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዳወጣ ሊቀ መንበራችን ፈቅደውልኛል።

በመጀመሪያ ይቅር ያሉትን ወገኖች ቃል ላስቀድም። አንድ አባታችን ተነሥተው «ልጅ ማሸነፍን ይይ እንጂ በገንዘባችን ሽንፈት እንግዛለት እንዴ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ነገሩ ግን ተስቆበት የሚታለፍ አይደለም። ቁጥሩ ይኸውና፦ በ2023-24 የውድድር ዘመን ቡድኑ ካደረጋቸው 82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 15 ብቻ ነው፤ 67ቱን ተሸንፏል። ቡድኑ በ1961 ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለ መጥፎ ዓመት አይቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ዓመት 18 አሸንፎ 64 ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ 16 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። በ2025-26 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ 16 ጨዋታዎች ያሸነፈው 1 ነበር። እንግዲህ አባታችን ቢቆጡ ምን ይፈረድባቸዋል?

ሌላም አለ። ይኸ ቡድን ድሮ ቡሌትስ ይባል ነበር፤ ጥይቶች ማለት ነው። ባለቤቱ የነበሩት ኤብ ፖሊን በከተማው ሰው በጥይት እያለቀ ቡድኔ በጥይት ስም አይጠራም ብለው በ1997 ዊዛርድስ አሰኙት። ሻምፒዮን የሆነው በዚያ በድሮው ስሙ በ1978 ነው፤ ሲያትልን 4 ለ 3 ረትቶ። በዓመቱ እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በሲያትል ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በአንድ የውድድር ዘመን 50 ጨዋታ ማሸነፍ አልሆነለትም። በዚያ ዓመት የተወለደ ሰው ዛሬ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ልጁን ይዞ ሄዶ ያው ሽንፈቱን ያያል። (ከቀድሞዎቹ ስደተኞች መካከል የሱዳኑን ማኑት ቦልን የሚያስታውሱ አሉ። በ1985 ለቡሌትስ የገባው ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲም የሆነው ነው። በ1987-88 አጠገቡ የነበረው መግሲ ቦግስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ብቻ ትኬት የሚገዛ ሰው ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ዋንጫ አልመጣም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ያልገባን፣ የገባንም የምንናደድበት፣ ቡድኑ የሚሸነፈው ስላቃተው ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2023 አዳዲስ አስተዳዳሪዎች መጡ፤ ለ11 ዓመት የተጫወተውን ብራድሊ ቢልን ለፊኒክስ ሰጡ፤ የቀሩትንም ነባር ተጫዋቾች አንድ በአንድ አሰናብተው ልጆች ሰበሰቡ። «እንደገና እንገነባለን» ማለት ይህ ነው። በአሜሪካን አገር ቅርጫት ኳስ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ብዙ የተሸነፈ ቡድን አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመረጡበት ጊዜ ከፊት ይቆማል። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወጣል፤ በ2025 መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ቡድኖች አንደኛውን ዕጣ የማግኘት ዕድላቸው እያንዳንዳቸው ከ100 14 ነበር። በሌላ አነጋገር ሽንፈት ዋጋ ያወጣል። በዚያ ላይ ቡድኑ የ2026ቱን የመጀመሪያ ምርጫውን ቀደም ብሎ በተደረገ ልውውጥ ሰጥቶት ኒው ዮርክ እጅ ገብቷል፤ ለራሱ የሚያስቀረው ዕጣው ከ1ኛ እስከ 8ኛ ከወጣ ብቻ ነው የሚል ውል ነበረበት። እንዲህ ያለ ውል ያለበት አስተዳዳሪ ማሸነፍ ያስደስተዋል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ይህ ነገር ሰውን ምን እንደሚያደርግ በ2025 ሚያዝያ ላይ አየሁ። የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ ከማያሚ ጋር። ባብ ካሪንግተን የሚሉት የባልቲሞር ልጅ፣ ገና 19 ዓመቱ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷን ጥሎ ቡድኑ 119 ለ 118 አሸነፈ። ልጁ በዚያ ዓመት 82ቱንም ጨዋታ አንድም ሳይቀር ተሰልፏል። ታዲያ በማግሥቱ ቡና ቤት ውስጥ የሰማሁት ምስጋና አይደለም። «ምን አስቸኮለው? ዕጣችንን አበላሸብን!» ይሉ ነበር፤ ያውም ልጆቻቸው አጠገባቸው ተቀምጠው። ዕጣው ሲወጣ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ከሁሉ መጨረሻ የሆነው ዩታ 5ኛ ወጣ፤ ከመጨረሻው ሁለተኛ የሆነው ዊዛርድስ 6ኛ ወጣ። ሁለቱም ሕጉ በሚፈቅደው መጨረሻ ዝቅታ ላይ ወደቁ። አንደኛውን ዕጣ ያገኘው ዕድሉ ከ100 ሁለት እንኳ ያልሞላው ዳላስ ነው። እንግዲህ 64 ጊዜ ተሸንፎ የተገኘው ትርፍ ይኸ ነው። ቢሆንም በ6ኛው ምርጫ ትሬ ጆንሰንን አግኝተዋል፤ ጥሩ ወርዋሪ ነው፤ እሱን ማንም አይክድም።

እኔ መልሶ መገንባትን አልቃወምም። ቤት የሚያሠራ ሰው መጀመሪያ ያፈርሳል። ኦክላሆማ ሲቲ በ2021-22 ያሸነፈው 24 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በ2025 ሰኔ ግን ሻምፒዮን ሆኗል። የኛ አስተዳዳሪ ዊል ዶውኪንስም ወደዚህ የመጣው ከዚያው ቡድን ነው፤ ተስፋ የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ደጋግመው ያነሣሉ፤ እውነትም አላቸው። ዲትሮይት በ2023-24 ውስጥ 28 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ከኛ እንኳ ያነሰ፣ 14 ብቻ ያሸነፈ ነበር፤ በዓመቱ 44 አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ። ሆኖም ሳክራሜንቶም አለ። እነሱ 16 ዓመት ሙሉ ጥሎ ማለፍ ሳይገቡ «እየገነባን ነው» ሲሉ ኖረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ መልካም ነው፤ ግን እንቁላሉን የሚታቀፍ ሲኖር ነው። ሳይታቀፉት ቢቆይ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ቁጣችንን በትክክለኛው ቦታ እናድርግ ነው የምለው። እንዲሸነፍ ተደርጎ የተሠራውን ቡድን የሠሩት ቢሮ የተቀመጡት ናቸው። ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ግን ለመሸነፍ አይሮጥም። እስቲ እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ። ቢላል ኩሊባሊ ከፈረንሳይ ሲመረጥ 18 ዓመቱ ነበር። አሌክስ ሳር እንዲሁ ከፈረንሳይ ነው፤ ዘሩ ከሴኔጋል ነው፤ በ2024 2ኛ ተመርጦ በመጀመሪያ ዓመቱ ከአዲሶቹ ምርጥ አምስት ውስጥ ገባ። ካይሾን ጆርጅ ስዊስ አገር ተወልዶ ለካናዳ የሚጫወት ነው። ከወላጅ አገር ርቀው፣ ቋንቋ እየተማሩ፣ በየሳምንቱ ሦስት አራት ጊዜ በሰው ፊት እየተሸነፉ ማግሥቱን ልምምድ የሚገቡ ልጆች ናቸው። የኛ ልጆች እቤት ውስጥ አማርኛ እየሰሙ ትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ናቸው፤ እነዚህን ማየት ለነሱ ዋጋ የለውም የሚለኝ ካለ እኔ አልስማማም። ባለፈው ዓመት ከወሰድናቸው መካከል አንዱ ልጅ ውጤቱን ሳይሆን ሳር ስንት ኳስ ከአየር ላይ እንደመታ በጣቱ እየቆጠረ ነበር የተመለሰው። ቡድኑ የዚያን ቀን በሰፊው ተሸንፏል።

«አሁንማ ትልልቆቹ መጡ፤ ሲያሸንፉ እንሄዳለን» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ በ2026 ጥር ትሬ ያንግን ከአትላንታ፣ በየካቲት ደግሞ አንቶኒ ዴቪስን ከዳላስ አምጥተዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሲያሸንፉ ትኬቱ በኛ መዋጮ የሚደረስበት አይሆንም። ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኛ ገንዘባችን የሚበቃን ሌላው ሰው ሳይፈልገው ነው። በማክሰኞና በረቡዕ፣ ከደካማ ቡድን ጋር ሲጫወቱ፣ ከላይ ያለው ወንበር ርካሽ ነው። በቢጫው የሜትሮ መስመር ከዚህ ተነሥቶ ጋለሪ ፕሌስ ለመድረስ መቀያየር እንኳ የለበትም።

ደግሞም ይህ ቡድን የኛ ጉዳይ አይደለም የሚባል አይደለም። እንደምታስታውሱት በ2023 ታኅሣሥ ባለቤቱ ቴድ ሊዮንሲስና የቨርጂኒያው ገዢ ሆነው ቡድኑ እዚሁ አጠገባችን ፖቶማክ ያርድ ሊመጣ ነው ብለው አስታወቁ፤ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ሥራ ነበር። እኛም በሁለት ተከፈልን። ግማሹ ሥራ ይመጣል አለ፤ ግማሹ የቤት ኪራይና የመኪና ጭንቅንቅ ይመጣል አለ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበርኩ። የቨርጂኒያ ሴኔት አልቀበልም ብሎ ነገሩ በ2024 መጋቢት ፈረሰ፤ ቡድኑም ዋሽንግተን ቀረ፤ ከተማዋ ለአዳራሹ ማደሻ 515 ሚሊዮን ዶላር ልትሰጥ ተስማማች። ይህ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ከመካከላችን ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ በዚያ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ፣ ሆቴል የሚያጸዱ አሉ። ጨዋታ ባለበት ማታ ገበያ ይኖራል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ከርሞ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ግን የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። አንድ ሾፌር ወንድማችን «እረፍት ሰዓት ላይ በ30 ነጥብ ሲመሩን ሰው ቀድሞ ይወጣል፤ እኔም ሁለት ጊዜ የምጭነውን አንድ ጊዜ ጭኜ እገባለሁ» ብሎኛል። ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለን። ለሦስት ዓመት እንሸነፋለን ብሎ ያቀደ ድርጅት ለሦስት ዓመት ዋጋውን ዝቅ ያድርግ፤ ለአካባቢው ልጆችም ወንበር ይመድብ። ይህን በደብዳቤ እንጠይቅ። መልስ ባይሰጡን እንኳ መጠየቃችን ይታወቃል።

በዚህም መሠረት ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የልጆቹ ጉዞ ይቀጥል፤ ግን በሥራ ቀን ማታ ይሁን፤ ወጪውም ካለፈው ዓመት አይብለጥ። አብረው የሚሄዱ አዋቂዎች አንድ ነገር ይጠበቅባቸዋል፤ ልጆች ባሉበት «እንኳን ተሸነፉ፤ ዕጣው ይሻለናል» የሚል ቃል አይነገር። አዋቂው በልቡ የፈለገውን ያስብ። ልጅ ግን ኳስ ሲገባ ይጩህ፤ ሳይገባ ሲቀር ይዘን። ይህን ያህል ከባድ ነገር አልጠየቅኩም መሰለኝ።

ይቅር የሚሉትም ሐሳባቸውን በጽሑፍ ቢያመጡ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከኔው ጽሑፍ ጎን እለጥፋለሁ፤ አባታችንም ቢሆኑ ጽፈው ይላኩልኝ፤ የእጅ ጽሑፋቸው ካስቸገረ እኔ እገለብጥላቸዋለሁ። ልጆቻቸውን መላክ የሚፈልጉ ወላጆች ስማቸውን ከታች በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ባለፈው ጊዜ ስም ሳይጽፉ በዕለቱ ሦስት አራት ልጅ ይዘው የመጡ ስለነበሩ የልጁ ዕድሜም አብሮ ይጻፍ። እርሳሱ በክር ታስሯል፤ እባካችሁ ክሩን አትበጥሱት።